ጄት ጀልባ መረብ ስትውጥ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው ሐይቁ ዳር ሰው በማዝናናት የሚተዳደር ወጣት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ጋሼ፣ ስድስት ሰው የምትጭን ጄት ጀልባ አለችን። ቅዳሜ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በአሞራ ገደል በኩል ስንመለስ የዓሣ መረብ ላይ ወጣን። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አትልም። እንዲተፋው ብዬ ሪቨርስ አስገብቼ ነዳጅ ሰጠሁት። ሁለት ሦስቴ ሞከርኩ። በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ጠፋ። ተጎትተን ወጣን፤ አሁን ተሳቢ ላይ ናት። ገመዱን እንዴት ላውጣው? ሁለተኛ እንዳይገባስ አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት ባስበይድበት ምን ይላሉ?»

ወንድሜ፣ ሰው ሳይጎዳ መውጣታችሁ ትልቅ ነገር ነው። አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። መረቡ ብቻውን ይህን ያህል አያደርስም ነበር። ነገሩን ያከበደው ያ የሰጠኸው ነዳጅ ነው። እጄ የገቡት መረብ የዋጡ ጄቶች ታሪካቸው ይመሳሰላል። ገመድ ይገባል፤ ያ ቀላል ነው። ከዚያ ባለቤቱ «ይተፋዋል» ብሎ ደጋግሞ ያስነሳዋል። የኔ ሥራ የሚመጣው ያኔ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ጀልባዋ ከሆዷ በታች አፍ አላት፤ በዚያ ውሃ ትስባለች። ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ክንፍ ብረት፣ ኢምፔለሩ፣ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከኋላው የማይንቀሳቀሱ ክንፎች አሉ፤ እነሱ የተጠማዘዘውን ውሃ ያቃናሉ። ከዚያ በጠባቡ አፍንጫ ይወረወራል። የሚያስኬድህ ይኸው ውርወራ ነው። መሪህም የሚያዞረው አፍንጫውን ነው። ስለዚህ ውሃ ካልወጣ መሪም የለህም።

ሪቨርስ ስታስገባስ? ጄት ላይ ሪቨርስ ማርሽ አይደለም። አፍንጫው ጀርባ ላይ ባልዲ የመሰለ ክዳን ይወርድና የሚወጣውን ውሃ ወደ ፊት ይመልሰዋል። በቃ። ኢምፔለሩ የሚዞረው በዚያው በፊተኛው አቅጣጫ ነው። አፉም እንደ ወትሮው ይስባል። አንተ እንዲተፋ ብለህ ነዳጅ ስትሰጠው፣ እሱ እንዝርት ፈትል እንደሚሰበስብ የሰውየውን መረብ ሰበሰበልህ።

የሚተፉ የሉም ማለቴ አይደለም። ትልልቆቹ የሥራ ጄቶች በሞተሩና በፓምፑ መካከል ማርሽ ካላቸው ኢምፔለሩን ወደ ኋላ ማዞር ይችላሉ። ሲዱ የተባለው አምራችም ከ2022 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ጀምሮ በአንዳንድ የውሃ ሞተር ሳይክሎቹ ላይ ኢምፔለሩን ገልብጦ የሚያዞር ዘዴ አስገብቷል። ለሣርና ለቅጠል ጥሩ ነው። ለተጠመጠመ ናይለን ግን እኔ አልተማመንበትም። የአንተዋ ደግሞ እንደነገርከኝ ባልዲ ብቻ ነው ያላት።

ወደ ሥራው እንግባ። ተሳቢ ላይ መሆኗ ግማሹን ችግር አቃሎልሃል።

መጀመሪያ ቁልፉን ንቀል። ሹፌሩ እጁ ላይ የሚያስረውን የማጥፊያ ገመድም ንቀል። ሁለቱንም ኪስህ ክተት። ወንበር ላይ አይደለም፤ ኪስህ። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። አንድ ጊዜ ክንዴ እስከ ክርኔ አፉ ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ አንድ ልጅ ሊያግዘኝ ፈልጎ «ላስነሳው እንዴ?» አለኝ። መልስ ሳይጠብቅ ወደ መሪው ሄዷል። ቁልፉ ኪሴ ስለነበር ነው ዛሬ በአሥር ጣቴ የምጽፍልህ።

የሞተሩን ክፍል ከፍተህ አየር ይግባበት። የቤንዚን ሽታ ካለ እስኪወጣ ጠብቅ። ሲጋራም ላይተርም አይጠጋ። ይህን የምልህ ያለ ነገር አይደለም። ናይለን ስለሚቀልጥ «በእሳት ነካ ነካ እናድርገው» የሚል ሰው አይጠፋም። ታንከሩ እዚያው ነው፤ የቤንዚን ጢስ ደግሞ ከአየር ይከብዳልና ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል። እሳት አይታሰብም።

አሁን ካርቶን አንጥፍና ከሥር ግባ። ጥሩ የእጅ ባትሪ ያዝ። አንዴ ከፊት በአፉ በኩል፣ አንዴ ከኋላ በአፍንጫው በኩል እይ። ለመጎተት አትቸኩል። መጀመሪያ የምታየው ምን እንደሆነ እወቅ። የዓሣ መረብ አንድ ነገር አይደለም። ላይኛው ጠርዝ ላይ ወፈር ያለ ገመድ አለ፤ ተንሳፋፊዎቹ የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው። ታችኛው ጠርዝ ላይ ሌላ ገመድ አለ፤ እሱ ክብደት ይይዛል፣ እርሳስ ወይም ድንጋይ። መካከል ላይ ያለው ቀጭኑ የመረቡ ዓይን ነው። ወፍራሙ ያስፈራል እንጂ አይጎዳም። ጎጂው ቀጭኑ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሃለሁ። ድንጋዩ ደግሞ ገብቶ ከሆነ ሲዞር ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰምተህ ነበር። አስታውስ እስኪ።

አፉን የሚሸፍኑትን ዘንጎች ብሎን ፈትተህ አውርዳቸው። አሁን ቦታ አገኘህ። የገመዱን ጫፍ ፈልግ። ጫፍ ካገኘህ ቢላዋ አያስፈልግህም ይሆናል። የተጠመጠመው ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ የሚፈታው ሻፍቱ፣ ማለትም ኢምፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ፣ በተቃራኒው ሲዞር ነው። ሻፍቱ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ በእጅ አልዞር ይላል፤ የሲሊንደሩ እመቃ ይይዘዋል። ካንዴላዎቹን ከነቀልክ ይቀላል። የካንዴላውን ቀዳዳ በንጹህ ጨርቅ ሸፍነው፣ ቆሻሻ እንዳይወድቅ። አንድ ሰው ኢምፔለሩን በወፍራም ጓንት ይዞ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ያዙር፣ አንተ ጫፉን ሳብ። ሩብ ዙር፣ ሳብ። ሩብ ዙር፣ ሳብ። ቀስ ብለህ። ሁለት ሰው መሆን ግድ ነው። ደግሞ ተነጋገሩ፤ የኢምፔለር ክንፍ ዳሩ እንደ ቢላዋ ነው፣ ዝም ብሎ የሚያዞር ረዳት ጣት ያስቆርጣል።

የአንተ ግን በዚህ ብቻ የሚወጣ አይመስለኝም። ቀጥ ብሎ ጠፋ ብለሃላ። ያ ማለት ናይለኑ በኢምፔለሩና በዙሪያው ባለው ቀለበት መካከል ገብቶ ተሰንቅሯል ማለት ነው። በእንዲህ ያሉ ትናንሽ ጄቶች ላይ ያ ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሞተሩ ደግሞ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ነው የሚዞረው። ፍትጊያው ናይለኑን ያቀልጠዋል። ሲበርድ እንደ ፕላስቲክ ቱቦ ሻፍቱ ላይ ይደርቃል። እንዲህ ሆኖ ካገኘኸው መጎተት አይረባም፣ መቁረጥ ነው።

ለመቁረጥ ጫፉ እንደ ማጭድ የታጠፈ ቢላዋ ካለህ ጥሩ። ከሌለህ የሰጌቶ ምላጭ ስባሪ በቂ ነው፤ መያዣውን በጨርቅና በፕላስተር ጠቅልለው። የምትቆርጠው በሻፍቱ ርዝመት ነው እንጂ በዙሪያው አይደለም። የደረቀውን ናይለን እንደ ሸንበቆ ሰንጥቀው፣ ከዚያ በፒንሳ ላጠው። ብረቱ ጋ ስትደርስ አቁም። በተለይ ሻፍቱ ወደ ጀልባዋ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ አንዲት ጭረት እንዳታሳርፍ። እዚያ ጋ ውሃ የሚያቆመው ጎማ፣ ፓራኦሊው፣ አለ። የተጫረ ሻፍት አዲስ ፓራኦሊ በየወሩ ይበላል።

ከፊት በኩል አልደረስ ካለህ ፓምፑን ከኋላ አውርደው። የመሪውንና የባልዲውን ኬብል ትፈታለህ፣ ዋናዎቹን ብሎኖች ትፈታለህ፣ ወደ ኋላ ይሳባል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከብሎኖቹ ሥር ስስ ራንዴላ የመሰሉ ሉሆች ካገኘህ የትኛው የት እንደነበር ምልክት አድርግ። እነሱ ፓምፑን ከሞተሩ ጋር የሚያስተካክሉ ናቸው። «ተርፎኝ ነበር» ብሎ በከረጢት ያመጣልኝ ሰው አውቃለሁ። ጀልባው እንደ ወፍጮ ቤት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁሉም ወጣ ስትል፣ አልወጣም በል። ይህችን ከልምዴ ነው የምልህ። ያወጣኸውን ሁሉ ሣር ላይ ዘርግተህ ግጠመው። አንድ ጊዜ እንዲሁ ዘርግተን ላይኛውን ገመድ ስንከተል፣ ተንሳፋፊዎቹ በእኩል ርቀት የታሰሩ ነበሩ። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጡ፣ ሰማያዊ። አንዱ ቦታ ላይ ቋጠሮው አለ፣ ጫማው የለም። ባለ ጀልባው «ሐይቅ ውስጥ ወድቋል፣ ተወው» አለ። ባትሪ ይዤ ከኋላ ሳይ፣ በማይንቀሳቀሱት ክንፎች መካከል ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ። እሱን ይዞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ጀልባው ግማሽ ፍጥነቱን አያገኝም ነበር። እኛም ሞተሩን ስንፈታ ስንገጥም እንከርም ነበር።

አሁን ስለ ቀጭኑ ክር። አንድ ክንድ የማትሞላ ክር ፓራኦሊው ከንፈር ሥር ትገባለች። አትታይም፣ ድምፅ የላትም። በየዙሩ ጎማውን ትበላለች። ከዚያ ውሃ ወይ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፣ ወይ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ። ኩሽኔታው ውስጥ ከገባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ ፌንጣ መጮህ ይጀምራል። ስለዚህ ሻፍቱን በጨርቅ ጠርገህ ፓራኦሊው ዙሪያ በባትሪ እይ። የፀጉር ያህል ክር ጫፍ ካየህ ጎትተህ አትበጥሳት። ፓራኦሊውን ለውጠው። ዋጋው ከኩሽኔታ ጋር አይወዳደርም።

ቀለበቱን በጥፍርህ ዳብሰው። ጥፍርህን የሚይዝ ቦይ ካለ ጉልበት ታጣለህ፤ ውሃው በዚያ በኩል ወደ ኋላ ያመልጣል። የኢምፔለሩን የፊት ጠርዝ እይ። ትንሽ መጣመም በጥሩ ሞረድ ይስተካከላል፤ ብረቱ የተቦደሰ ከሆነ ግን እዚያ ጋ ውሃው አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ደግሞ በተራው ብረቱን ይበላዋል። ሞተርህ ማቀዝቀዣ ውሃውን ከፓምፑ የሚወስድ ከሆነ ያችን ቀጭን ቱቦ በአየር ንፋባት። የመረብ ቁርጥራጭ እዚያ ተወሽቆ ሞተር ያስጋለበት ጊዜ አለ።

ስትገጥም የዘንጎቹን ብሎኖች በብሎን ማጣበቂያ ገጥም። በንዝረት ይፈታሉ። ተሳቢው ላይ በቧንቧ ውሃ ልታስነሳት ከፈለግህ የመመሪያ መጽሐፉን ቅደም ተከተል ጠብቅ። በብዙዎቹ ላይ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳል፣ ከዚያ ውሃው ይከፈታል፤ ስትዘጋ ውሃው ይቀድማል። ከተገለበጠ ውሃው በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሲሊንደር ሊገባ ይችላል። ደግሞ አታቆየው። ሐይቅ ስትገባ አምስት ደቂቃ ቀስ ብለህ ንዳትና የሞተሩን ክፍል ከፍተህ ውሃ መኖር አለመኖሩን እይ።

በሚቀጥለው ጊዜ ውሃ ላይ እያለህ ቢገጥምህስ? ይገጥምሃል። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ጎርፍ ያወረደው ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ እዚያው ይከርማል። ስለዚህ ምልክቱን ልመድ። ንጹህ ቀን ላይ፣ በሙሉ ነዳጅ፣ የሞተሩን ዙርና ፍጥነቱን ጻፍ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ሳይሆን የራስህን። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እንደ ባሕር ዳርቻው ጉልበት የለውም። ዙሩ ከወትሮው ወጥቶ ፍጥነቱ ከወረደ አፉ ላይ የተለጠፈ ነገር አለ። ዙሩ ወርዶ ሞተሩ ካቃሰተ ገመድ ይዞታል። መንቀጥቀጥ ካለ አንዱ ክንፍ ላይ የተንጠለጠለ ነገር አለ።

ሦስቱም ላይ የምታደርገው አንድ ነው። አጥፋ። ፌስታል ከሆነ መሳቡ ሲቆም ብዙ ጊዜ ራሱ ይወድቃል። ሰዎቹን ግራና ቀኝ ቀስ ብለህ አወዛውዛቸው፣ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፣ አስነሳና እይ። አንድ ጊዜ ብቻ። ገመድ እንደሆነ ካወቅህ ግን ያቺንም አንድ ጊዜ አትሞክራት። መልህቅ ጣል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ሳታስበው ሸምበቆ ውስጥ ይከትሃል። ጀልባህ ከኋላ ፓምፑ ላይ ማጽጃ ክዳን ካላት በዚያ በኩል እጅህን ማስገባት ትችላለህ፤ ቁልፉ ኪስ ከገባ በኋላ። ሰው ሁሉ ግን «ምን ሆነ?» ብሎ ወደ ኋላ እንዳይሰበሰብ። ኋላዋ ከዘቀጠ ያ ቀዳዳ ከውሃው በታች ይሆናል።

ውሃ ውስጥ ገብቼ ከሥር ልየው እንዳትል። ጉማሬው አለ፣ በተለይ በጥቁር ውሃ በኩል ሸምበቆው አካባቢ። ጉማሬ ባይኖርም ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው በሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ላይ ሲታይ የኖረ ነው። ዳር ላይ ውሃው ውስጥ ቆመህ መሥራት ግድ ከሆነብህ ረጅም ቦት ጫማ ልበስ። ካልሆነ ተጎተትና ውጣ። መጎተት አያሳፍርም። ሁለት መቅዘፊያና አንድ ረጅም ገመድ ከወንበር ሥር ይኑርህ።

አሁን ወንፊቱ። አታስበይድ። ገመድ የማያስገባ ወንፊት ውሃም እንደልብ አያስገባም። ፓምፑ ውሃ ሲያጥረው አየር ይስባል፣ ይጮኻል፣ አይገፋም። ከዚያ ፌስታል ሲለጠፍበት ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ላይ ይጣበቃል እንጂ አይወርድም። ዘንጎቹ ወደ ርዝመት ብቻ የተደረደሩት ለዚህ ነው፤ የተያዘው ነገር ወደ ኋላ ተንሸራቶ እንዲያልፍ። ጄት ጀልባን ለሥራ ያበቃው የኒውዚላንዱ ቢል ሃሚልተን በ1950ዎቹ ነገሩን ሲሠራ ያሰበው የአገሩን ጥልቀት የሌላቸውና ጠጠር የበዛባቸውን ወንዞች ነው። ጠጠር ቻለ። መረብ ግን አላሰበም መሰለኝ።

ከወንፊት የሚሻለው የምታስነሳበትን ቦታ መለወጥ ነው። በላክህልኝ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነው የምታስነሳት። ከሆዷ በታች ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይኑር። እስከዚያ በመቅዘፊያ ግፋ። ዳር ላይ አሸዋውን፣ ገመዱን፣ የተጣለውን ሁሉ ነው የምትስበው።

አንድ ነገር ቀረ፤ ባለ መረቡ። ስለሱ ምንም አላልክም። ሐይቁ ላይ መረብ ወደ ማታ ይጣላል፣ ሲነጋ ይነሳል። በ11 ሰዓት ተኩል እዚያ ሰፈር በፍጥነት ካለፍክ እሱ አልነበረም ያጠፋው። ያ መረብ የሰውየው ቆሮሶም አምባዛም ነው፤ የልጆቹ ምሳ ነው። የቆረጥከውን አትጣለው። ይዘህለት ሂድ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ብትጠይቅ የማን መረብ እንደሆነ ተንሳፋፊውን አይተው ይነግሩሃል። እግረ መንገድህን የት የት እንደሚጥሉ ጠይቃቸው። እኔ መጀመሪያ የሐይቁን ካርታ ያገኘሁት እንዲህ ነው፣ የአንድ ሰው መረብ ከፍዬ።

አፉን ከከፈትክ በኋላ ቀለበቱን በባትሪ አብርተህ ሁለት ፎቶ ላክልኝ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ጥፍርህን የያዘው ቦይ ካለ ጣትህን እዚያው አድርገህ አንሳው።